የልጄ ውጤት ለምን ወረደ? የወሎ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች

ካርድ በሚሰጥበት ሰሞን ከቆቦ እስከ ደሴ፣ ከባቲ እስከ መካነ ሰላም ወላጆች የሚጠይቁት ብዙም አይለያይም። እዚህ የተሰበሰቡት በወላጅ ስብሰባ፣ በገበያ መንገድ፣ አልፎ አልፎም በልቅሶ ቤት ሳይቀር እኛ መምህራን የምንሰማቸው ጥያቄዎች ናቸው። አንዳንዱ መልስ ወላጅን አያስደስትም፤ አንዳንዱ ደግሞ መምህርን።

በእርግጥ ውጤት ወርዷል? ወይስ ድሮም እንዲሁ ነበር?

ሁለቱም እውነት ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ተደርጎ ተሰጠ። በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑበት ዓመት አለ።

«ድሮ ግን ልጆቻችን ያልፉ ነበር» የሚሉ ወላጆች አልተሳሳቱም። ያልፉ ነበር። ነገር ግን የመግቢያ ነጥቡ ዩኒቨርሲቲዎች በነበራቸው ቦታ ልክ ከግማሽ በታች ይወርድ ነበር፤ ኩረጃውም ከተማሪ አልፎ አዋቂ የሚያደራጀው ሥራ ሆኖ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ቀድሞ ወጥቶ በመሰራጨቱ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ከታየው ውድቀት ከፊሉ ተሸፍኖ የኖረው መገለጡ ነው። የቀረው ግን በእርግጥም የወረደ ነው፤ በተለይ በእኛ አካባቢ።

የወሎ ልጅ ከሌላው የተለየ ምን ደረሰበት?

ዓመተ ምሕረቱን ብቻ መቁጠር ይበቃል። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦና ወልድያ ደረሰ፤ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ደሴና ኮምቦልቻም ተያዙ። ትምህርት ቤቶች ካምፕ ሆኑ፤ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት ተዘረፈ፤ ወንበርና ጠረጴዛ ለማገዶ ዋለ። የ2013 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በቀረው አገር ሲሰጥ የእኛ ልጆች በየመጠለያው ነበሩ፤ በኋላ በሁለተኛ ዙር ተፈተኑ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለዓመት ያህልና ከዚያ በላይ አልተከፈቱም።

በ2012 ዓ.ም. 1ኛ ክፍል የገባ ልጅ እንውሰድ። ፊደል ለይቶ ቃል መመሥረት በሚገባው ዓመት ቤት ዋለ። አንቀጽ ማንበብ በሚገባው ዓመት ተፈናቀለ። ማባዛትና ማካፈል በሚጸናበት ዓመት አንድ መምህር ሦስት ክፍል አጣምሮ ያስተምረው ነበር። ይህ ልጅ ዛሬ የላይኛው ክፍል ደርሶ ሒሳብ ከበደኝ ቢል ሰነፍ ማለት ግፍ ነው። ለጎደለው ትምህርት ማካካሻ ፈልጎ መስጠት የመንግሥትና የትምህርት ቤት ሥራ ነው፤ ወላጅ ደግሞ «ይካካስልኝ» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

ችግሩ የሚጀምረው ስንተኛ ክፍል ላይ ነው?

ወላጅ የሚደነግጠው 8ኛ ወይም 12ኛ ክፍል ላይ ነው፤ ነገሩ የሚበላሸው ግን ከ1ኛ እስከ 3ኛ ባለው ነው። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሦስት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ያህል ከቀረበለት አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር። የዓለም ባንክ ከጥቂት ዓመታት በፊት ባወጣው ግምት ደግሞ በኢትዮጵያ አሥር ዓመት ከሞላቸው ልጆች 90 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚመጥን ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። እነዚህ አኃዞች ከ12ኛ ክፍሉ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጡ 3.3 በመቶው ድንገት የወረደ መቅሠፍት አለመሆኑ ይገለጣል።

በታችኛው ክፍል ልጅ ሳይደግም እንዲያልፍ መደረጉ ክፋት የለውም፤ ልጅን በሰባት ዓመቱ ወደቅህ ማለት ከትምህርት ማባረር ነው። ነገር ግን ሳይደግም ካለፈ ያልገባው እየተለየ መታገዝ ነበረበት። ማለፉ ተተግብሮ እገዛው ቀረ። ልጁ በዚህ ዓይነት 9ኛ ክፍል ሲደርስ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። አማርኛውን ለማንበብ የሚቸገር ልጅ እንግሊዝኛውን ከመሸምደድ በቀር ምን ያድርግ? ይሸመድዳል፤ ፈተናው ቃሉን ለወጥ ሲያደርግበት ደግሞ ይጠፋዋል።

«በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን። ለትምህርት እንቁላሉ 2ኛ ክፍል ነው።

ጥፋቱ የመምህር ነው የወላጅ?

ይህ ክርክር በየስብሰባው ሰዓት ይበላል። መምህር «ወላጅ አይከታተልም» ይላል፤ ወላጅ «ደመወዝ የሚበላው ማን ሆነና» ይላል፤ ርዕሰ መምህሩ ቃለ ጉባኤ ያስጽፋል።

ወላጅ ሊነካው የማይችለው ብዙ ነገር አለ። የመጽሐፍ እጥረት፣ ሰባ ሰማንያ ልጅ የታጨቀበት ክፍል፣ ወር አልፎት የሚመጣ ደመወዝ፣ የሚያስተምረውን ትምህርት ራሱ በቅጡ ያልያዘ መምህር። ይህን ሁሉ ቤተሰብ ላይ መጫን ሸክምን ወደ ደካማው ማዛወር ነው። ሆኖም በአንድ መንደር፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ መምህር ሥር ተቀምጠው አንዱ የሚያነብ ሌላው የማያነብ ልጆች አሉ። በብዙው ልዩነቱን የሚፈጥረው ቤት ነው፤ እሱም የሀብት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቀጥሎ ያሉት መልሶች የሚያተኩሩት በዚህ ላይ ነው።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጄን በምን ልርዳው?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ደግሞም ጥሩ መልስ ያለው።

ደብተር ለመመርመር ማንበብ ግድ አይደለም። ቅዳሜ ማታ ልጅዎ ደብተሮቹን ሁሉ አምጥቶ ፊትዎ ይደርድር። መጀመሪያ የመጨረሻውን ጽሑፍ ይግለጥና ቀኑን በጣቱ ያሳይዎት፤ የዚህ ሳምንት ካልሆነ ወይ ልጁ ክፍል አልገባም፣ ወይ መምህሩ አልገባም። ቀጥሎ ቀይ እስክሪብቶ ይፈልጉ። መምህሩ ከወር በላይ ምልክት ያላደረገበት ደብተር ወይ አልቀረበም ወይ አልታረመም፤ በሁለቱም ምክንያት ትምህርት ቤት ድረስ መሄድ ይገባል። ከዚያ ደብተሩን ከጀርባው ይክፈቱት፤ ሥዕልና የኳስ ቡድን ስም የበዛበት የኋላ ገጽ ልጁ የትኛውን ክፍለ ጊዜ እንደሚሰለች ይነግርዎታል። በመጨረሻ መሃሉን ይንኩት። ሽቦው አካባቢ የላላ፣ ከአንድ ወገን የሳሳ ደብተር ገጽ ተቀዶለታል። የሚቀደደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ውጤት ያለበት ወይም መምህሩ «ወላጅ አምጣ» ብሎ የጻፈበት ገጽ ነው።

ሁለተኛው ነገር ማስነበብ ነው። ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብልዎ፤ ሲጨርስ መጽሐፉን ከድኖ ያነበበውን በራሱ አፍ ይንገርዎ። ጽሑፉን ባያውቁትም ሲንተባተብ፣ በየቃሉ ሲቆም፣ ወይም ዓይኑን ሳያንቀሳቅስ በቃሉ ሲወርደው ይሰማዎታል። ለወሎ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ዓይነ ስውር የኔታ ንባብ የሳተውን ልጅ በጆሯቸው ብቻ ያርሙት ነበር፤ ደረሳውም ሸሁ ፊት ቁጭ ብሎ ኪታቡን ይቀራ የነበረው ስሕተቱ እንዲሰማበት ነው። የማስደመጥ ባህል ያለው አገር ልጁን ለብቻው ጥግ ይዞ በልቡ እንዲያነብ ትቶት መሄዱ ይገርመኛል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ማታ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ ቤቱ በጎረቤት ይሞላል፤ ልጁም ረከቦት አቅራቢ፣ ቡና አድራሽ፣ ወሬ ሰሚ ይሆናል። ቡናው ይቅር የሚል የለም፤ ማን ደፍሮ። ግን የልጁ ሰዓት ከቡናው በፊት ይሁን፤ መብራቱም ሆነ ሶላሩ መጀመሪያ እሱ ጋ ይቀመጥ።

ልጄ ካልረዳኝ ማን ያርስልኛል? ማንስ ከብት ይጠብቅልኛል?

ይህን በስብከት የሚመልስ መምህር የገበሬ ቤት አያውቅም። ሥራው አለ፤ የሚሠራ ሰው ያንሳል፤ ልጅ ከሥራ ሙሉ በሙሉ ይለይ ማለት አይቻልም። ማድረግ የሚቻለው ሥራው የትኛውን የትምህርት ቀን እንደሚበላ ማወቅ ነው።

በቆላው፣ በራያ ቆቦ፣ በሐብሩ፣ በቃሉና በባቲ ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ወፍ ይመጣል። ልጁ ጎሕ ሳይቀድ ማማ ላይ ይወጣል፤ ወንጭፉን እያስጮኸ እስከ ረፋድ፣ ከዚያም ከአሥር ሰዓት እስከ ምሽት። ወፍ የሚበላው በእነዚሁ ሰዓታት ነውና በመሃል ያለው ጊዜ ነጻ ነው። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ ልጁ በመስከረምና በጥቅምት መሃለኛውን ጊዜ ወደሚያስገባው ፈረቃ እንዲዛወር ወላጅ አስቀድሞ ቢጠይቅ ብዙ ርዕሰ መምህራን እንቢ አይሉም። ብዙው ወላጅ ግን አይጠይቅም፤ ልጁ ዝም ብሎ ይቀራል፤ ሲመለስ ክፍሉ ሁለት ምዕራፍ ርቆት ይደርሳል።

በደጋው፣ በደላንታ፣ በመቄት፣ በግዳን፣ በለጋምቦ፣ ነገሩ ከበልግ ጋር የተያያዘ ነው። የበልጉ አዝመራ የሚደርሰው ሰኔ ላይ፣ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና በሚሰጥበት ወር ነው። እዚህ ላይ ያለኝ ምክር አንድ ነው። ጎረቤቶች በደቦ ተነጋግረው ተፈታኝ ልጅ ያለበትን ቤት ያስቀድሙ፤ ወይም ያቆዩ። ለሠርግ ቀን የሚስማማ መንደር ለፈተና ሳምንት መስማማት አያቅተውም።

በደላንታ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ቁፋሮ የተጀመረ ጊዜ ወንዶቹ ልጆች ደብተር ጥለው ገደል ገብተው ነበር። የገበያ ቀንም እንደዚሁ ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ ስለሆነ ሰኞ ክፍሉ ይሳሳል። በዓመት ውስጥ ያሉትን ሰኞዎች ብትደምሯቸው ልጁ ከዓመቱ ትምህርት አንድ አምስተኛውን ያጣል ማለት ነው። አህያ የሚነዳ ሌላ ሰው ይፈለግ።

ሴት ልጄ ታጠናለች፤ ውጤቷ ግን ከወንድሟ ያንሳል። ለምን?

መቼ እንደምታጠና ይመልከቱ። እሱ ከትምህርት ቤት መጥቶ ሲቀመጥ እሷ ጀሪካን ይዛ ትወርዳለች። ከዚያ እንጀራ፣ ከዚያ ቡና፣ ከዚያ ዕቃ ማጠብ። ደብተር የምትገልጠው ሰው ሁሉ ሲተኛ ነው። ሥራውን ለሁለት መክፈል ወንዱን አይገድለውም።

ሌላው ብዙ አባቶች የማይሰሙት ነው። በወር አበባ ቀናት ውኃና የሚዘጋ መጸዳጃ በሌለበት ትምህርት ቤት ልጅቱ ቤት ትውላለች፤ በየወሩ ጥቂት ቀን ማለት በዓመት ሳምንታት ነው። እናት ጨርቁንም ምክሩንም አስቀድማ ታዘጋጅላት። የጋብቻ ወሬ ደግሞ ገና «ሽማግሌ ሊመጣ ነው» ሲባል ልጅቷ ጆሮ ይደርሳል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል ውስጥ ያለችው በአካል ብቻ ነው። ከ18 ዓመት በፊት መዳር በሕግም ያስጠይቃል።

የጎረቤቴ ልጅ ሳውዲ ሄዶ ለአባቱ ቆርቆሮ ቤት ሠራለት። የእኔ ተምሮ ምን ያመጣል?

ልጆቹ ራሳቸው የሚጠይቁት ስለሆነ ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። ዲግሪ ይዞ ደሴ ፒያሳ ላይ ሥራ የሚፈልግ ወጣት አለ፤ ከ8ኛ ክፍል አቋርጦ ሄዶ እናቱን ያሳከመም አለ። ልጁ ሁለቱንም ያያል። ትምህርት ምንጊዜም ያዋጣል ብሎ የሚምል መምህር ቢኖር ልጆቹ ይስቁበታል።

ሆኖም የሚታየው ተሳክቶለት ቤት የሠራው ነው። በጅቡቲ በኩል ኦቦክ ወርዶ ባሕሩን ሲሻገር የቀረው፣ የመን ውስጥ ታግቶ ቤተሰቡ በሬውንና መሬቱን አስይዞ ያስለቀቀው፣ ድንበር ላይ የወደቀው ቆርቆሮ ቤት የለውምና አይታይም። በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ሲመለሱ ወሎ ምን ያህሉን እንደተቀበለ አሮጌው አውቶቡስ መናኸሪያ ያውቃል።

ለውጤት መውረድ ዋናው ነገር ግን መንገዱ ሳይሆን ሐሳቡ ነው። ልጁ 7ኛ ክፍል ሳለ «አንተም እንደ እገሌ» የሚል ቃል ከአባቱ አፍ ከሰማ ትምህርቱ እስከሚሄድበት ቀን የሚቆይበት መጠበቂያ ይሆናል። አረብ አገር ያለች እኅቱ ስልክ ስትልክለት፣ ደላላው ከትምህርት ቤት አጥር ውጭ ሲያነጋግረው፣ ልቡ ከክፍል ወጥቷል። ወላጅ ቢያንስ ይህን ያድርግ፤ የስደትን ነገር ልጁ ባለበት እንደ ተስፋ አያውራ፤ ውሳኔውም 12ኛን ሳይጨርስ አይነሳ። ውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦችም የሚልኩትን ገንዘብ ከትምህርቱ ጋር ቢያያይዙት ጥሩ ነው። ጫማ ከመላክ በፊት «ካርድህን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» ያለች እኅት ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ሠርታለች።

ልጄ ከተማ ተከራይቶ ነው የሚማረው። እንዴት ልከታተለው?

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቅርብ የሌለበት ቀበሌ ሁሉ ይህ ችግር አለበት። ልጆቹ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናቸው ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ዓርብ ማታ በእግር ገጠር ወርደው እሑድ ድርቆሽ፣ በሶና ሽሮ ተሸክመው ይመለሳሉ። ስንቁ ሐሙስ ላይ ያልቃል። ሐሙስና ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚቀሩትን ተማሪዎች ስም ዝርዝር ብታዩ አብዛኛው የተከራዮቹ ነው።

ወላጅ ሊያደርግ የሚችለው አለ። ከማን ጋር እንደሚኖር ይወቁ፤ አብሮ የሚኖረው ልጅ ከመምህሩ ይልቅ ይቀርጸዋል። አከራይቱን እንደ ዘመድ ይያዟት፤ ለበዓል አንድ ጣሳ እህል ይዘው ሲሄዱ «ማታ በስንት ሰዓት ይገባል?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። ገበያ የሚወጡበትን ቀን ለትምህርት ቤት ጉብኝትም ያድርጉት፤ የክፍል ኃላፊው መምህር ከሚይዘው የቀሪ ተማሪዎች ዝርዝር ላይ የልጅዎን ስም ያስፈልጉ። አንዱ ወላጅ በሄደ ቁጥር የጎረቤቶቹንም ልጆች ቢያይ የአምስት ቤት ክትትል በአንድ ጉዞ ይሆናል። ጫት ቤትና የፑል ቤት የሚለመደው በእነዚህ ዓመታት፣ ሰው በማያይበት ክፍል ነው።

ስልክ ልከልክለው?

ከ8ኛ ክፍል በታች ላለ ልጅ የራሱ ስማርት ስልክ አያስፈልገውም። ከዚያ በላይ ላለው መከልከሉ ብዙም አይሠራም፤ ከጓደኛው ጋር ያያል። ማታ ስልኩ ወላጅ መኝታ ክፍል ይደር፤ የእርስዎም ጭምር። ቲክቶክ እያዩ «አጥና» የሚል አባት አይሰማም።

ብመታው ይሻለዋል?

አይሻለውም። የተመታ ልጅ መጀመሪያ የሚማረው ካርድ መደበቅ ነው። ውጤቱ ሲወርድ «የትኛው ትምህርት ላይ ነው የጠፋህ? ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ ጠይቆ «አብሽር» ማለት ልጁን ያስናግራል፤ ከተናገረ ደግሞ መፍትሔው ይገኛል። ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደርም ዱላ ነው፤ የተለየው ድምፅ አለማውጣቱ ብቻ ነው።

ምግብስ ከውጤት ጋር ምን ያገናኘዋል?

ብዙ። በ2011 ዓ.ም. የተደረገው የአገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 37 በመቶ የሚሆኑት መቀንጨራቸውን አሳይቷል፤ አማራ ክልል ከአማካዩ በላይ ነበር። መቀንጨር ቁመት ማነስ ብቻ አይደለም፤ አእምሮ በሚሠራበት የመጀመሪያ ሁለት ዓመት የጎደለው ምግብ በኋላ ክፍል ውስጥ ይታያል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የልጆችን መቀንጨር ለማስወገድ የገባውን ቃል ረሃብ ደጋግሞ በመታት በዋግ ኽምራዋ ከተማ በሰቆጣ ስም መጥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ትልቁን ልጅ በተመለከተ፣ ቁርስ ሳይበላ ሁለት ሰዓት በእግር የተጓዘ ተማሪ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ይተኛል። ቆሎም ቢሆን ኪሱ ውስጥ ይግባ። በጾም ወቅት ደግሞ የሃይማኖት አባቶችንና ሸሆችን ማማከር ነው፤ ለልጆች ያለውን ፈቃድ ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

አስጠኚ ልቅጠርለት? የግል ትምህርት ቤትስ ላስገባው?

አቅም ካለ አስጠኚ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የቤት ሥራውን ሠርቶለት የሚሄደውን አይቅጠሩ። የታላቅ ወንድም ወይም የጎረቤት 11ኛ ክፍል ተማሪ ታናሹን በሳምንት ሁለት ቀን ቢያስነብበው ለሁለቱም ይጠቅማል፤ ያስረዳ ሰው ራሱ ይገባዋል። የግል ትምህርት ቤት ስም አይታመን። የክፍሉን ብዛት፣ የመምህሩን ቆይታ፣ ባለፈው ዓመት በክልላዊ ፈተና የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቹ ያመጡትን ይጠይቁ። ካርዱ ላይ 95 ሰጥቶ ፈተና ላይ 40 የሚያስመጣ ትምህርት ቤት ሞልቷል።

ትምህርት ቤት የሚጠሩኝ መዋጮ ሲፈልጉ ብቻ ነው። ለምን ልሂድ?

ቅሬታው ትክክል ነው። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ብዙውን ጊዜ በአጥር ተጀምሮ በመዋጮ ያልቃል፤ ስለ ልጆቹ መማር የሚወራው ሰው ሁሉ ተነስቶ ነጠላውን ሲያስተካክል ነው። መፍትሔው መቅረት ሳይሆን ሳይጠሩ መሄድ ነው። ሲሄዱም «ልጄ እንዴት ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ «ደህና ነው» ተብለው ይመለሳሉ። «ከክፍሉ ልጆች ጋር ሲነጻጸር ማንበብ ላይ የት ነው? ስንት ቀን ቀረ? የትኛው ምዕራፍ አልገባውም?» ብለው ይጠይቁ። ይህን ለመመለስ መምህሩ መዝገብ መግለጥ አለበት። ወላጁ እንደሚመጣ የታወቀ ልጅ ደብተሩ ቶሎ ይታረማል፤ ፍትሐዊ ባይሆንም እንዲህ ነው።

ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና አላለፈም። አሁን ምን ይደረግ?

ሦስት መንገድ አለ። ግማሽ ባያመጣም ለማሻሻያ ፕሮግራም የሚያበቃ ነጥብ ካለው በዩኒቨርሲቲ ወይም በኮሌጅ ገብቶ ተምሮ እንደገና ይፈተናል፤ መቁረጫ ነጥቡ በየዓመቱ ስለሚለያይ የዘንድሮውን ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ነው፤ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች አሉ። ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ፣ ብረት የሚበይድ ወይም መኪና የሚጠግን ሰው ኮምቦልቻ ውስጥ ሥራ አያጣም፤ «ወድቆ ነው እዚያ የገባው» የሚለውን ንግግር ግን ከቤት ማስወጣት ይቀድማል። ሦስተኛው በግል ተመዝግቦ ዳግም መፈተን ነው። ይህን የሚመርጥ ልጅ ዓመቱን ሙሉ «ያጠናል» ተብሎ ሥራ ላይ ከዋለ ውጤቱ ያው ይሆናል፤ የጥናት ሰዓቱ ተቆርጦ ይሰጠው። ምዝገባው ከፈተናው ወራት ቀድሞ ስለሚዘጋ ውጤት በወጣበት ሰሞን የ12ኛ ክፍል ማስረጃውን ይዞ ወደ ወረዳው ወይም ወደ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መሄድና ቀኑን መጠየቅ ነው።